የዝቋላው የአርብ ጾም

ከደሴ የተነሣሁት ፋሲካ ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከሰቆጣ በታች ባለው ዝቋላ ረኃብ ገብቷል ስለተባለ፣ እውነት መሆኑን አይቼ እንድጽፍ መሥሪያ ቤቴ ላከኝ። እህል የሚጫነው በእኔ ወረቀት ነው። እስከ ኮረም በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከ ሰቆጣ በጭነት መኪና ላይ ተንገላታሁ። ሰቆጣ ላይ በአምስት ብር በቅሎ ተከራይቼ ሁለት ቀን ቁልቁል ወረድኩ።

አርብ፣ ዝቋላ

ማሳው ላይ የማሽላ አገዳ እንኳ አልቀረም። የመንደሩ ቄስ፣ ቄስ ወልዴ፣ "ይግቡ ጌታዬ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ" ብለው አስገቡኝ። ባለቤታቸው በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ፣ አንድ ነገር አሏቸው፤ እሳቸውም በአጭሩ መለሱ። ምን ተባባላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም።

አንዲት የማሽላ እንጀራ በሽሮ ቀረበች።

"ችግር አለ ወይ፣ አባ?"

"ተመስገን። እሱ ያውቃል።"

"ተመስገን" ያሉትን ጻፍኩ፤ "እሱ ያውቃል" ያሉትን ተውኩት።

ላጎርሳቸው እጄን ስዘረጋ ፊታቸውን አዞሩ። "አርብ ነው፣ ጌታዬ። ጾም ነን።"

ባለቤታቸው ጎታውን በጀርባቸው ከልለው ቆመዋል። ልጆቹ እኔ በጎረስኩ ቁጥር ምራቃቸውን ይውጣሉ። ባርኔጣዬ የገረማቸው መስሎኝ እኔ ሞኙ ፈገግ አልኩላቸው፤ እንጀራዋንም ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ረቡዕ፣ ሰቆጣ

ሰኞ ዕለት "የሚያሰጋ ችግር የለም" ብዬ ጽፌ ለአውራጃው ጸሐፊ አስረክቤአለሁ። ረቡዕ ለምሳ ያረፍኩበት ቤት ባለቤት፣ ወይዘሮ አልጣሽ፣ የፍየል ጥብስ አቀረቡልኝ።

"ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?"

ሳቁብኝ። "አዬ የከተማ ሰው! በዓለ ኀምሳ እኮ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕ የለ፣ አርብ የለ፤ ቄስም አይጾም።"

የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ቄሱ ይህን አጥተውት አይደለም። ለእንግዳ "የለንም" ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው። የቀረውን ሁሉ ፊታቸው፣ የሚስታቸው ጀርባና የልጆቻቸው ጉሮሮ ነግረውኝ ነበር።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሮጥኩ። ወረቀቱ ጠዋት በመኪና ሄዷል። ሌላ ጽፌ ስሰጠው ጸሐፊው አየኝና፣ "የትኛውን ይመኑ? ፊርማው እንደሁ ያው የእርስዎ ነው" አለኝ። አፈርኩ።

ደሴ

ቤቴ የገባሁት እህሉ ወደ ሌላ ወረዳ ከተጫነ በኋላ ነው። አለቃዬ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ ሦስት ጊዜም የመጀመሪያውን ወረቀቴን አሳዩኝ። ዓይንና ጆሮ ይዤ ሄጄ በሆዴ ብቻ ሰምቼ መመለሴን የነገርኩት ሰው የለም።

በሐምሌ አንድ የዝቋላ ነጋዴ ገበያ ላይ አገኘሁና ስለ ቄስ ወልዴ ቤት ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ በዱላው ጫፍ መሬቱን ይጭር ጀመር።

ደግሜ አልጠየቅሁትም።