ትኩሳት የሌለው ጉንፋን

ሲግሩንን በዚያ ክረምት አምስት ጊዜ ጉንፋን ያዛት፤ አምስቱንም ጊዜ ትኩሳት አልነበራትም።

የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ጉልበቷም፣ ወገቧም፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያም ሌሊቱን ሙሉ በዱላ ሲቀጠቀጥ ያደረ ይመስል እምቢ አላት። ጉሮሮዋ ይከረክራታል፣ ራሷ ከብዷታል፣ ብርድ ብርድ ይላታል። ባሏ ኦድቫር የሙቀት መለኪያውን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣትና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት። ኦድቫር ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ከወደቡ ሱቅ ሌላ ገዝቶ መጣ። አዲሱም ያንኑ አለ። ሦስት ቀን ተኛችና ተነሥታ ሥራ ገባች። ወር ሳይሞላ ያው ሕመም ተመልሶ መጣ።

ያኔ አርባ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሰሜን ኖርዌይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ተወልዳ እዚያው ያደገች፣ ከሃያ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ወደቡ ላይ ባለው ፋብሪካ ዓሣ ስትበልት የኖረች ሴት ናት። ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ ሊራባ ወደ ጠረፉ በሚጎርፍበት ወቅት፣ ጀልባዎቹ ቀኑን ሙሉ ያራግፋሉ፤ በላቾቹም ቀና ለማለት ፋታ የላቸውም። ሲግሩን ቢላዋዋን ከጭንቅላቱ ሥር አንዴ፣ ከአከርካሪው ጎን አንዴ ታሳልፈዋለች፤ ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ መዳፏ ላይ ይቀራል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ አጠገቧ አቁመው እያየ እንዲማር ያደርጉታል። ከሊቱዌንያ የመጣችው ዳኑተም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እንዲሁ አጠገቧ ቆማ ነው የለመደችው፤ አሁን የቅርብ ጓደኛዋ ናት።

የገና በዓል እንዳለፈ ነገሩ ሥራ ቦታም ይከተላት ጀመር። አዳራሹ ሰው ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚሠራበት ብርዳም ቤት ነው። ሲግሩንን ግን ድንገት ከደረቷ ሙቀት ይነሣና አንገቷን፣ ፊቷን፣ ጆሮዋን ያቃጥላታል፤ መነጽሯ በእንፋሎት ይሸፈናል፤ ላቡ ከፕላስቲኩ ሽርጥ ሥር በጀርባዋ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቢላዋዋን አስቀምጣ ሁለት ክንዷን እስከ ክርኗ በረዶ ሣጥን ውስጥ ትከታለች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ትንቀጠቀጣለች።

ዳኑተ ይህን አይታ፣ «አንድ ቀን ከዓሣው ጋር አሽገን ፖርቱጋል እንልክሻለን» አለቻት።

«ላኩኝ፤ ቢያንስ እዚያ ያስተኙኝ ይሆናል» አለች ሲግሩን።

ድካሙ ነበር ከሁሉም የባሰው። እንቅልፍ የሚሽረው ዓይነት ድካም አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ተመልሳ መኪናዋን ደጃፏ ላይ አቆመች፤ ወተቱን ጭኗ ላይ እንደያዘች እዚያው እንቅልፍ ጣላት። ኦድቫር ወጥቶ ሲያገኛት መስኮቱን በጣቱ መታ መታ አደረገና ሞተሽ መስሎኝ ነበር አላት። ደረጃውን ደግፏት ስትወጣ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳት መደገፏ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በሕመም ከሥራ የቀረችበትን ቀን በጣቷ መቁጠር የምትችል ሴት ነበረች።

የጤና ጣቢያው ሐኪም በዚያ ወቅት ከደቡብ ለጊዜው የመጣ ወጣት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ቫይረስ ነው፣ ውኃ ጠጪ ብሎ ሸኛት። በሁለተኛው ቀን ሁለቱ ልጆቿ ትምህርት ለመማር ከቤት እንደወጡ ጠየቃትና አዎን ስትለው ፊቱ ላይ ሐዘኔታ ታየ። ቤቱ ባዶ ሆኖባት እንደሆነ፣ ሐዘን አንዳንዴ በሰውነት ላይ እንደሚወጣ እየነገራት የድብርት መድኃኒት ጻፈላት።

«ልጆቼ የሄዱ ቀን ኬክ ነው የጋገርኩት» አለችው። «አላዘንኩም። አጥንቴን እየቆረጠመኝ ነው።»

ወጣቱ መድኃኒቱን ቢያንስ ትሞክረው ዘንድ በትህትና ለመናት። እሷም ወረቀቱን በትህትና አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች።

ከአራተኛው ጉንፋን በኋላ የፈረቃው ኃላፊ ቢርገር ቢሮው አስጠራት። ቢርገር ክፉ ሰው አይደለም፤ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ እንደ ብዙዎቹ የደሴቱ ወንዶች ከዓሣና ከአየር ጠባይ ውጭ ያለ ወሬ ያስጨንቀዋል። ሠራተኛ ያለ ሐኪም ወረቀት ራሱ አመልክቶ በሕመም መቅረት የሚችለው በዓመት አራት ጊዜ መሆኑን፣ እሷ አራቱንም እንደጨረሰች ነገራት። አዲሱ የሥራ ድልድል ሲወጣም ወደ ማሸጊያ ክፍል እንደሚያዛውራት፣ እዚያ ሥራው ቀለል እንደሚል ጨመረላት።

«ዕድሜ ነው፣ ሲግሩን። ሁላችንም እናረጃለን» አለ፤ ሊያጽናናት አስቦ ነበር።

ሙቀቱ ከደረቷ ተነሣ፤ የዚያን ጊዜው ግን ከየት እንደመጣ ታውቀዋለች።

«ቢላዋዬን ከእጄ የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ምን እንደያዘኝ ይንገረኝ» አለችውና መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ያን ቀን ማታ ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ መጻፍ ጀመረች። ያሞቃትን ሰዓት በቀይ፣ ያንቀጠቀጣትን በሰማያዊ፣ ቁርጥማቱን በመስቀል ምልክት። ወደ ኋላም ተመልሳ የሚታወሳትን ሁሉ ሞላች፤ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ሳይቀር። አምስተኛው ጉንፋን ሲይዛት መጻፏን ቀጠለች እንጂ አልተኛችም። የዚያን እሑድ ዳኑተ ልትጠይቃት መጥታ መቁጠሪያው ፊት ለፊት ብዙ ቆመች። በየሃያ ስምንት ቀኑ ዝንፍ ሳይል ይመጣ የነበረው የወር አበባ አንዴ በሃያ አንድ ቀን፣ አንዴ በሃምሳ፣ አንዴ በአሥራ ሰባት ቀን መጥቷል።

«እህቴ፣ ይሄ ጉንፋን አይደለም» አለች ዳኑተ። «እናቴም አርባ ስድስት ዓመቷ ላይ ልክ እንደዚህ ሆና ነበር። ልታርጪ ነው።»

«አበባዬ እየመጣ እንዴት ነው የማርጠው?»

«ገና አልደረስሽም፤ መንገድ ላይ ነሽ። መንገዱ ነው የሚያደክመው።»

ሲግሩን ለጊዜው ተናደደች። ማረጥ የአሮጊቶች ነገር ነበር ለእሷ፤ አንድ ቀን ደሙ ይቆምና በቃ፣ ያበቃል ብላ ነው የምታስበው። ያን ሌሊት ግን እናቷ ትዝ አለቻት። ሲግሩን አሥራ ሦስት ዓመቷ ሳለ እናቷ አንድ ሙሉ መከር ወጥ ቤት ያለው አግዳሚ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታ ነበር። ዘመድ ሁሉ ነርቭ ነው ይል ነበር። እናቷ ይህን ሰምታ ነርቭ ነው ብላ አምና ኖራ፣ ነርቭ ነው ብላ አምና ሞተች።

የጣቢያው ቋሚ ሐኪም ኢንግቪልድ በየካቲት ከወሊድ ፈቃድ ተመለሰች። ሲግሩን የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ ነቅላ ብብቷ ሥር ይዛ ሄደች። ኢንግቪልድ ገጾቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ሌላ ነገር ተደብቆ እንዳይሆን ደሟን ወስዳ የእንቅርት ዕጢዋን፣ ስኳሯን፣ ብረቷን አስመረመረች። ከብረቷ ትንሽ ማነስ በቀር ሁሉም ደህና ሆኖ ተገኘ።

«ቅድመ ማረጥ ይባላል» አለቻት። «የሴት ሆርሞን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ይላል። እንቅልፍሽን ይቆራርጠዋል፣ ሰውነትሽ ሙቀቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ያማል። ብዙ ሴቶች ጉንፋን ይመስላቸዋል።»

«ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ሁለት ዓመትም፣ ስምንት ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ አልታመምኩም ማለት ነው?»

«በሽታ አይደለም። መታመምሽ ግን እውነት ነው።»

ኢንግቪልድ ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሆርሞን፣ ከእሱ ጋር የሚወሰድ ክኒን፣ ለደሟ ደግሞ ብረት አዘዘችላት፤ ጡንቻዋ እንዳይሟሽሽ ክብደት እንድታነሣም ነገረቻት። ለስድስት ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ እንድትሠራ ልጻፍልሽ ስትላት ሲግሩን አሰበችበትና እምቢ አለች። በምትኩ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው። ሐኪሟ ሳቀችና እንዳለቻት ጻፈችላት።

በማግሥቱ አዲሱ የሥራ ድልድል በማረፊያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አሥራ አራት ሰው ዳቦውን ይዞ ተቀምጧል፤ ቢርገር በሩ አጠገብ ቆሟል። ሲግሩን ወረቀቱን ነቀለችና ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ስሜ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ተጽፏል፤ ምክንያቱ ግን አልተጻፈም። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ። እያረጥኩ ነው። አንዴ ያቃጥለኛል፣ አንዴ ያንቀጠቅጠኛል፣ አጥንቴን ይቆረጥመኛል። የሐኪም ወረቀት ይዣለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ ሃያ ደቂቃ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ወለል ላይ እጋደማለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ዓሣዬን እበልታለሁ። አትችልም የሚል ካለ ቢላዋውን ይዞ ይምጣና ጎኔ ይቁም።»

አንድ ወጣት ዓይኑን ምሳ ዕቃው ውስጥ ቀበረ። ቢርገር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ይሄ እንኳ ሰው በሚበላበት የሚወራ ነገር አይደለም አለ።

«መቼ ነው የሚወራው? ስንቀበር?» አለችው ሲግሩን።

ቢርገር ድልድሉን ለአንድ ሳምንት ለማዘግየት ተስማማ፤ ሳምንቱን ሙሉ የእያንዳንዱን በላች ሥራ እየመዘገበ ዋለ። ሲግሩን ያሸነፈችው በየቀኑ አልነበረም። ማክሰኞ ዕለት ጣቷ አልታዘዝ ብሏት ከአንድ አዲስ ገቢ እንኳ በታች ሆነች። ያን ቀን እንኳ አልደበቀችም፤ ለጠየቃት ሁሉ ዛሬ ሰውነቴ እምቢ ብሏል ብላ መለሰች። እኩለ ቀን ሲሆን አሮጌ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎች ወለሉ ላይ አንጥፋ ተጋደመች። ዓርብ ሲደመር ከበላቾቹ ሁሉ ሦስተኛ ወጣች። ቢርገር ስሟን ከማሸጊያው ዝርዝር ሰረዘው።

በሁለተኛው ሳምንት ዳኑተ ምንም ሳይኖርባት፣ ለአጃቢነት ብላ አጠገቧ ተጋደመች። በሦስተኛው ሳምንት ኦሴ መጣች። ኦሴ ከማቀዝቀዣው ክፍል ወጥታ ከሰው ጋር የማትቀላቀል የሃምሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ሰው ሁሉ ኩሩ ናት ይላታል። ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን እያየች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማቀዝቀዣው ያልወጣችው ሌላው ቦታ ሁሉ ስለሚያቃጥላት እንደሆነ፣ እዚያም ብቻዋን ታለቅስ እንደነበር ነገረቻቸው። ከዚያ ዳኑተ፣ የዓሣው ጨው ከየት እንደመጣ አሁን ገባኝ ስትል ኦሴ እስኪያስላት ሳቀች።

እስከ ፋሲካ ድረስ የሲግሩን ላብ በግማሽ ቀነሰ፤ እንቅልፏም ተመለሰ። ቁርጥማቱና ድካሙ ግን ጨርሶ አልለቀቃትም። በወር ሁለት ሦስት ቀን ያ ጉንፋን መሳይ ነገር ይመጣል። ያን ጊዜ ኦድቫርን ዛሬ መጥቷል ትለዋለች፤ እሱም ድስቱን ይጥዳል፣ ከእህቱ ቤት የተጠሩበትን ግብዣ ይሰርዛል። መጀመሪያ ላይ በስልክ ሌላ ሰበብ ይፈጥርላት ነበር። ሰማችውና ከለከለችው። «እውነቱን ንገራቸው፤ የሰረቅሁት ነገር የለም» አለችው።

ግንቦት ላይ፣ በዚያ ሰሜን ፀሐይ ሌሊትም መጥለቅ በተወችበት ሰሞን፣ ሲግሩን ጓሮዋ ውስጥ የተገለበጠችውን ጀልባቸውን ቀለም ስትቀባ ቢርገር በአጥሩ በኩል መጣ። ስለ ነፋሱ አወራ። ስለ ቀለሙ ጠየቀ። ጀልባዋን ሁለት ጊዜ ዞራት። ሲግሩን መቀባቷን ቀጠለች።

«ቱሪ ተኝታለች» አለ በመጨረሻ። ቱሪ ሚስቱ ናት። «ከገና ወዲህ ትነሣለች፣ ትተኛለች። ጉንፋን ነው ትላለች።»

«ሌሊት አንሶላ ትቀይራለች?»

«ሁለት ጊዜ።» ዓይኑን ወደ ባሕሩ መለሰ። «ያ ያንቺ ነገር ይሆን እንዴ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«የቱ ነገር?»

«ያ... ያን ቀን ያልሽው።»

«ስም አለው፣ ቢርገር።»

ጆሮው ቀላ። አጎንብሶ ለቀለሙ ጣሳ የሚነግር ያህል፣ «ማረጥ» አለ።

«አልሰማሁህም፤ ሞገዱ ይጮኻል።»

ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ተኝቷል። ቢርገር አያት፤ እንደማትለቀው ገባው። ቀና አለና፣ «ማረጥ! ሚስቴ እያረጠች ይመስለኛል!» አለ፤ በማዶ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ዞር እስክትል ድረስ።

«ጎበዝ» አለችው ሲግሩን። ቡሩሹን አስቀመጠች፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች። «መኪናህን አስነሣ።»

ቢርገር ቤት ሲደርሱ ሲግሩን ብቻዋን ገብታ በሩን ዘጋች። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። ሁለቱ ሴቶች ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም፤ ከመስኮቱ ግን መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ ሳቅ ተሰማ። ቱሪ በማግሥቱ ለኢንግቪልድ ደውላ ቀጠሮ ያዘች። ቢርገር ሁለቱን ሰዓት ሙሉ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ግባ እስኪሉት ቆሞ ጠበቀ።