ከጡረታ መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዋ ስልክ ማንሣት ነበር። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልከኛ ነበረች፤ ከደረጃው ሥር ባለች መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሚደውለውን ሁሉ ከሚፈልገው ሰው ጋር ታገናኛለች። መልኳን አይቶ የማያውቅ ባለጉዳይ እንኳ ድምፅዋን ያውቀዋል። ባልደረቦቿ "ሃሎ" የሚል ቅጽል አወጡላት፤ ታናናሾቹ "እትዬ ሃሎ" ይሏታል። እውነተኛ ስሟ የደመወዝ ወረቀት ላይ ብቻ ቀረ።

ጆሮዋ ለጉድ ነበር። ደዋዩ ገና አፉን ሲከፍት ተናዶ ይሁን ሲያለቅስ ቆይቶ ትለያለች። "ዳይሬክተሩ ወንድሜ ነው፣ ቶሎ አገናኚኝ!" የሚል ሲመጣባት ድምፅዋን አለስልሳ "እሺ ጌታዬ፤ የእናታችሁን ስም ብቻ ይንገሩኝና አሁኑኑ ላገናኝዎት" ትላለች። መስመሩ ጭጭ። ምሳ ሰዓት ላይ ይህንኑ መዝገብ ቤት ለምትሠራው ጓደኛዋ ስትነግራት ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ያችን ጓደኛዋን ደግሞ "ፋይሌ" ያለቻት ራሷ ሃሎ ናት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ።

ሁለቱ ጡረታ የወጡት በአንድ ዓመት ነው። ሃሎ አግብታ ፈታለች፣ ልጅ የላትም፤ አንዲት ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ፋይሌ ከታላቅ ወንድሟ ቤት ነች። በሳምንት ሁለቴ ይገናኛሉ፤ ቀሪውን ቀን ስልካቸው ላይ በመልእክት ሲለካከፉ ይውላሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን የፋይሌን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ ጋረዳቸው። መልእክቱን ጎረቤቷ እያነበበችላት፣ መልሱንም እየጻፈችላት ነበር። ለቀዶ ጥገናው የሚሆን ገንዘብ ሦስት ዓመት አጠራቅማ በመጨረሻ ቀን ተቆርጦላታል። "ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው የፊትሽን መጨማደድ ነው" ትላት ነበር ሃሎን። "እንግዲያው ባይገለጥ ይሻላል" ትላታለች ሃሎ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሃሎ ልብስ እያጠበች ሳለ ስልኳ ጮኸ። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሣችው።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ፤ ከጡረታ መሥሪያ ቤት ነው የምንደውለው።"

የወጣት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቃላቱን የማይውጥ። ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጠራላት። የሠራችበትን መሥሪያ ቤትና ጡረታ የወጣችበትን ዓመተ ምሕረትም ሳይሳሳት ነገራት። ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገባ። መዝገቦች ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እየተዛወሩ ነው፤ የእርሷ ግን እስካሁን አልተረጋገጠም፤ እስከ ምሳ ሰዓት ካልተረጋገጠ ከሚመጣው ወር ጀምሮ ክፍያዋ ይቋረጣል።

"ታዲያ መጥቼ ላረጋግጣ" አለች ሃሎ።

"ሰልፉን ያውቁት የለ እንዴ እናቴ? እርስዎን ማንከራተት እንዳይሆን ብለን ነው። ብቻ ስልኩን እንዳይዘጉት፤ ከዘጉት ተራዎ ያልፋል።"

አንድ ነገር ቆረቆራት። ከልጁ ድምፅ ጀርባ ምንም የለም። የምታውቀው ቢሮ ሁሉ በር ይንጓጓል፣ ሰው ያስላል፣ ወንበር ይጎተታል። እዚህ ግን እንደ ጉድጓድ ጸጥ ያለ ነው። 'የኃላፊ ክፍል ውስጥ ሆኖ ይሆናል' ብላ አለፈችው። ያም ሆኖ አመሏ ነውና "የውስጥ መስመር ቁጥርህ ስንት ነው ልጄ?" ብላ ጠየቀችው።

"ሁለት መቶ አሥራ አራት" አለ፣ ሳያመነታ።

ይሄ አሳመናት። የውስጥ መስመር ያለው ሰው የቢሮ ሰው ነው። ወዲያው ስልኳ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ገባ። ልጁ፣ "ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይሰጡ። ለእኔ ብቻ ያንብቡልኝ" አለ። አነበበችለት። እንደ ድሮው፣ እያንዳንዱን አሃዝ ለየት አድርጋ፣ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ።

"ተረጋግጧል እናቴ።"

"ተባረክ ልጄ" አለችው።

ስልኩን ስትዘጋ የምትላላክበት ገጽ በራሱ ጊዜ ተዘግቶ አገኘችው። ደጋግማ ነካካችው፤ እምቢ አላት። 'ኔትወርኩ ነዋ' ብላ ወደ ልብሷ ተመለሰች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። ፋይሌ ናት፤ በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በሌላው ብርቱካን የሞላ ፌስታል ይዛ። ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ሃሎ ደግሞ ካውያ በእጇ ይዛ ቆማለች።

"ተሽሎሽ ነው?" አለች ፋይሌ።

"ከምኑ?"

"የሰፈሩን ሆስፒታል በሙሉ አዳረስኩት እኮ። ክፍል ለክፍል፣ አልጋ ለአልጋ እየዳበስኩ። ነርሶቹ 'እንዲህ የምትባል በሽተኛ የለችም' ሲሉኝ... ሞተሻል ብዬ..." ትንፋሿ ተቆረጠ።

ሃሎ ካውያውን አስቀምጣ ጓደኛዋን አስቀመጠቻት። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደም። ትናንት፣ ምሳ ሰዓት ገደማ፣ ከሃሎ ስልክ ለፋይሌ መልእክት ደርሷታል፤ "በድንገት ታምሜ ሆስፒታል ገብቻለሁ። ጉሮሮዬ ተዘግቶ መናገር አልችልም፣ አትደውይ። ዛሬውኑ ካልተከፈለ ቀዶ ጥገናውን አይጀምሩልኝም፤ በዚህ ቁጥር ላኪልኝ" ይላል። ጎረቤቷ አንብባላታለች። ፋይሌም ባንክ ድረስ ተመርታ ሄዳ ለዓይኗ ያጠራቀመችውን አንድ ሳታስቀር ልካለች።

"አልደወልሽም?" አለች ሃሎ፤ ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት።

"አትደውይ አልሽኝ። መናገር አልችልም አልሽኝ እኮ!"

ያ ስድስት አሃዝ ሃሎ የምትላላክበት ገጽ ቁልፍ ኖሯል፤ ከፍታ ያስገባቻቸው ራሷ ናት። "ተባረክ ልጄ" ያለችው ትዝ ሲላት ምላሷን ቆርጣ ብትጥለው ወደደች።

በዚያው ዕለት ባንክ ሄዱ። ገንዘቡ በገባ በአርባ ደቂቃው ወጥቷል። ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ተረኛው ፖሊስ በትዕግሥት ጻፈላቸው፤ ግን ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ "በዚህ ሳምንት እናንተ አራተኛ ናችሁ" አለ። በማግስቱ ሃሎ ብቻዋን ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ሰምታት ራሷን ነቀነቀች።

"እኛ የሚስጥር ቁጥር በስልክ አንጠይቅም፣ እማማ። አሁኑኑ፣ ዛሬውኑ፣ ስልኩን አትዝጊ የሚል ሰው ከመጣብዎ ይዝጉት። ከዚያ ወይ ይምጡ፣ ወይ ደብተርዎ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ። እሱ በሰጠዎት ቁጥር ግን አይሆንም።"

"ሁለት መቶ አሥራ አራትስ የማን ነው?"

"እኛ ጋ የውስጥ መስመር ስድሳ ላይ ያበቃል።"

"ይህን ሁሉ ለምን አትለጥፉትም?"

"ለጥፈናል እኮ" አለች ሴትዮዋ፤ ወደ ኋላዋም አመለከተች። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ አለ፤ ግማሹን የተሰቀለ ካፖርት ሸፍኖታል።

ሃሎ የዚያን ሳምንት ሥራዋን እንደገና ጀመረች ማለት ይቻላል። ፋርማሲ የምትሠራው የእህቷ ልጅ መጥታ የተሰረቀውን ገጽ አስመለሰችላት፤ ሌላ ተጨማሪ መቆለፊያም አደረገችለት። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ በማንም ይደርሳል" አለቻት። "በማንም ይድረስ፤ በእኔ ግን ባልደረሰ" አለች ሃሎ። ከዚያ የድሮ ባልደረቦቿን አንድ በአንድ ደወለችላቸው፤ በእኔ ስም የሚመጣ ነገር ካለ እንዳታምኑ እያለች። ሦስቱ አመሰገኗት። አንዷ የሃሎ ገጽ መሰረቁን ከሌላ ሰው ሰምታ ኖሮ፣ "አንቺ ሌባ! ድምፅዋንም ሰረቅሽ?" ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት። ሴትዮዋ ያደረገችው ትክክለኛውን ነገር ነበር፤ ስለዚህ ሃሎ ልትቆጣት እንኳን አልቻለችም።

ከፋይሌ ጋር ግን ነገሩ ሻከረ። ገንዘቡን ቀስ በቀስ እተካለሁ ብትላትም ፋይሌ "እሺ"ም "እምቢ"ም አላለችም። ወንድምየው ነው አንድ ቀን በሩ ላይ የጠበቃት።

"በስምሽ ተጠየቀች፣ በስልክሽ ተጠየቀች። አንቺ ከሌለሽበት ማን አለበት?"

"እግዜር ያውቃል፣ እኔ—"

"እግዜርን ተይው። እህቴንም ተያት።"

ፋይሌ ውስጥ ነበረች። ሃሎ የወንበሩን ሲጢጥታ ሰምታለች። ፋይሌ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሃሎ ወደ ቤቷ ስትመለስ የአውቶቡሷን ፌርማታ ሁለት ጊዜ አለፈችው።

ሁለት ወር አለፈ። የተቆረጠው የቀዶ ጥገና ቀንም አለፈ። ዝናብ ባካፋበት ጠዋት የሃሎ ስልክ ጮኸ።

"እናቴ፣ ከፖሊስ መምሪያ ነው። ሌቦቹ ተይዘዋል፣ ገንዘቡም ተገኝቷል።"

የፋይሌ ፊት፣ ሐኪም ቤቱ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣባት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። "እሰይ" ልትል ነበር።

"ለማስመለስ ግን ዛሬውኑ መረጋገጥ አለበት። አሁን ቁጥር ይገባልዎታል። ስልኩን እንዳይዘጉት።"

ከድምፁ ጀርባ ምንም የለም። እንደ ጉድጓድ ጸጥ ያለ ነው። ሃሎ አንድ ቃል ሳትመልስ ዘጋችው። ገና ሳታስቀምጠው እንደገና ጮኸ፤ አላነሣችውም። ጃንጥላዋን ይዛ ጣቢያው ድረስ በእግሯ ሄደች። ያው ተረኛ ፖሊስ ነበር። ማንም አልደወለላትም፤ ማንም አልተያዘም። "ደግ አደረጉ እናቴ" አላት። ደግ አደረግሁ የሚል ስሜት ግን አልነበራትም። አንድ ጊዜ ያታለሉትን ሰው ዝርዝሩን ይዘው እንደገና ይዞሩበታል ማለት ነው። ቀጥሎ የመጣላት ሐሳብ ፋይሌ ናት።

ስትደርስ ወንድምየው ሥራ ሄዶ ነበር። ፋይሌ በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተች።

"ደወሉልሽ?" አለች ሃሎ ገና ሳትገባ።

"ከትናንት ወዲያ።"

"ቁጥሩን ሰጠሻቸው?"

"ጎረቤቴ አነበበችልኝ፣ ሰጠኋቸው። ምን ይወስዱብኛል? የባንክ ደብተሬ እንደሆነ ባዶ ነው" አለች ፋይሌ።

"ስምሽን ነዋ የሚወስዱት! ስልክሽን አምጪው።"

ፋይሌ ስልኩን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላት። ጠረጴዛው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሃሎ እየደወለች ስልኩን ለፋይሌ ትሰጣታለች፤ ፋይሌም፣ "እኔ ነኝ። በእኔ ስም ታምሜያለሁ፣ ገንዘብ ላኩልኝ የሚል ከመጣ እኔ አይደለሁም" ትላለች። ለአክስቷ ልጅ፣ ለመንደሩ እድር ጸሐፊ፣ ለድሮ አለቃቸው። የአክስቷን ልጅ ግን ዘግይተው ነው ያገኟት፤ ያንኑ ጠዋት ገንዘብ ልካለች። ስልኩ ውስጥ ለቅሶዋ እስከ ሃሎ ድረስ ተሰማ። ፋይሌ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ የሌላ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የሃሎን እጅ ፈለገች፣ አገኘችውም፣ አጥብቃ ያዘችው።

ሲጨርሱ ሃሎ ስልኩን መልሳ ፋይሌ እጅ ውስጥ አስቀመጠችላት።

"ያን ቀን፣ ወንድሜ ሲናገርሽ" አለች ፋይሌ፣ "ዝም ያልኩት አምኜው አይደለም። ግማሽ ቀን ግን አምኜዋለሁ።"

"አውቃለሁ።"

"እንዳትዋሺኝ።"

"ወንበሩ ሲጢጥ ብሎ ሳትወጪ ስትቀሪ ነው ያወቅሁት።"

ፋይሌ ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰዓት ዞረች፤ ማየት ግን አልቻለችም። "ስንት ሰዓት ነው?" ብላ ጠየቀች። ሃሎ ነገረቻት።

"እንግዲያው ወንድሜ ሳይመጣ ሂጂ" አለች ፋይሌ።

ሃሎ ጃንጥላዋን አንሥታ ወጣች። ፋይሌ የመንግሥት ሆስፒታል ተራ ጠብቃ የታከመችው በዓመት ከአምስት ወሩ ነው፤ ዘግይቶ ስለነበር የዳነው ግራ ዓይኗ ብቻ ነው። ዛሬም ይገናኛሉ፤ ግን በሳምንት ሁለቴ መሆኑ ቀርቶ ወንድምየው ከቤት በማይኖርበት ቀን ብቻ ሆኗል። ሃሎ ስልክ ሲጮህ ታነሣለች፣ ታዳምጣለች፣ "እኔው እደውላለሁ" ትልና ትዘጋለች። አንዳንዴ የዘጋችበት ሰው እውነተኛ ባለጉዳይ ይሆናል፤ ያኔ በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄዳ መስኮቱ ላይ ይቅርታ ትጠይቃለች።