ከሃያ አራተኛው መደብ በኋላ

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ቢቸና ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል የንድፍ ቢሮ ተቀጥሬ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው የመኖሪያ ቤት ፕላን ነው። አንድ ቀን ግን ከሞጣ የአንድ ትንሽ ጉልት ኮሚቴ ሰብሳቢ መጡና ያልለመድነውን ሥራ ሰጡን። ጉልቱ ከመንገድ ዳር ተነሥቶ ከበታቹ ወዳለው ተዳፋት ሊዛወር ነው። የቆርቆሮ ዳስ ይሠራለታል፤ ለእያንዳንዷ ሻጭ የትኛው መደብ እንደሚደርሳት የሚያሳይ ዝርዝርም ይወጣል። ዕጣ ይጣል ያሉ ነበሩ፤ ሴቶቹ ግን እንደ ድሮ አቀማመጣችን ካልሆነ አንነሣም ብለዋል።

ሥራው ለእኔ ሲሰጥ ደስ አለኝ። ተማሪ ሳለሁ በፍላሽ ያገኘሁት አንድ የንድፍ ፕሮግራም ነበረኝ። በእሱ መስመር በእጅ አይሰመርም፤ ትንንሽ ሳጥኖች በሽቦ ይያያዛሉ፣ በአንዱ ጫፍ ቁጥር ሲቀየር በሌላው ጫፍ ሥዕሉ ራሱ ይቀየራል። ቢቸና ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይህም ትንሽ ሳያኮራኝ አልቀረም።

ሞጣ ሄጄ ሦስት ቀን በጉልቱ መካከል እየዞርኩ ማን የት እንደምትቀመጥ መዘገብኩ። ከሁሉም ይልቅ የቆየሁት ሁለት ሴቶች ዘንድ ነበር። አንደኛዋ በርበሬ የሚሸጡ አሮጊት ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። አጠገባቸው የምትቀመጠው በዕድሜ የምታንስ ሙስሊም ሴት ናት፤ ጨው ትሸጣለች። አሮጊቷ በርበሬውን ሚዛን ላይ ሲያደርጉ ጨው ሻጯ አንገቷን ሰገግ አድርጋ መርፌውን ታይላቸዋለች። «ትንሽ ይጨምሩ፣ እትዬ» ትላለች፤ «በቃ፣ ደረሰ» ትላለች። ከሩቅ የሚመጣውን ሰው ማንነትም የምትነግራቸው እሷው ናት። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖሩ ስጠይቃቸው ሁለቱም በትክክል አላወቁትም።

ስማቸውን ጽፌ ልነሣ ስል አሮጊቷ ቀሚሴን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ፀሐይ ላይ ብታስቀምጭኝ ግድ የለኝም። ብቻ ከእሷ አትለዪኝ።»

«ይሄማ ቀላል ነው፣ እናቴ» አልኳቸው።

ቀላል መስሎኝ ነበር። ፕሮግራሙ የተዘበራረቀን መረጃ በዛፍ መልክ ያስቀምጣል። እያንዳንዱ የጉልቱ ረድፍ አንድ ቅርንጫፍ ይሆናል፤ ሴቶቹም በቅርንጫፉ ላይ በቅደም ተከተል ይሰፍራሉ። ችግሩ የድሮዎቹ ረድፎች አሥር መሆናቸው ነበር፤ አንዱ አራት ሰው፣ ሌላው አሥራ አንድ ሰው ይዟል። አዲሱ ዳስ ግን ስድስት ረድፍ ነው፤ እያንዳንዱም አሥራ ሁለት መደብ አለው። የድሮውን ቅርንጫፍ ከአዲሱ ረድፍ ጋር ሳገጥም ሰው በጎደለበት ፕሮግራሙ የመጨረሻዋን ሴት እየደጋገመ መደቡን ይሞላዋል። ለአንዲት ሽንኩርት ሻጭ ስምንት መደብ ደርሷት አየሁ። አራት ቀን ሙሉ ከዚህ ጋር ታገልኩ።

በአምስተኛው ቀን ሰብሳቢው ቢቸና ድረስ መጡና ዝርዝሩን ሳልይዝ አልመለስም አሉ። ቅርንጫፎቹን ሁሉ አንድ ላይ የሚያፈስ ትእዛዝ አለ፤ እሱን ሰጠሁ። ሴቶቹ አንድ ረጅም ሰልፍ ሆኑ። ሰልፉን በየአሥራ ሁለቱ ቆረጥኩት። ስሕተት የሚያሳየው ቀይ ቀለም ሁሉ ጠፋ። የመጀመሪያውን ረድፍ አየሁት፣ ልክ ነው። አትሜ ሰጠኋቸው፤ ከሰዓት በኋላ በሄደው መኪና ተመለሱ።

በማግስቱ ከእያንዳንዷ ሴት የድሮ ቦታ ወደ አዲሱ ቦታዋ መስመር እንዲስብ ፕሮግራሙን አዘዝኩት። መስመሮቹ ጎን ለጎን እየሄዱ ሳሉ መሐል ላይ ሁለቱ ተለያዩ። አሮጊቷ ሃያ አራተኛ ናቸው፣ የሁለተኛው ረድፍ መጨረሻ። ጨው ሻጯ ሃያ አምስተኛ ናት፤ እሷ ተዳፋቱን ለመደልደል በረድፎቹ መካከል ከተሠራው የድንጋይ ግንብ በታች፣ በዳሱ ሌላኛው ጫፍ፣ የሦስተኛው ረድፍ መጀመሪያ ሆናለች። ሰልፉን በአንድ ገፋሁት፤ እነሱ ተገናኙ፣ ሌሎች ተለያዩ። በሁለት ገፋሁት፤ ሌሎች። እነዚያ ከማን መለየት እንደማይፈልጉ ደግሞ ጭራሽ አልጠየቅሁም ነበር። በመጨረሻ ዛፉን እንደገና ተከልኩና እያንዳንዱን ቅርንጫፍ በእጄ አስተካክዬ አዲስ ዝርዝር ይዤ ሞጣ ወረድኩ።

ስደርስ ዳሱ ተሠርቶ አልቋል፤ ዝርዝሩ ተለጥፏል፤ በየመደቡ ቁጥር ተቀብቷል፤ ሴቶቹም ፈርመው ተረክበዋል። ሰብሳቢው አዲሱን ወረቀት አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

«ማኅተም አርፎበታል። አንዷን ካነሣሁ ሁሉም ይነሡብኛል።»

ስሕተቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። የማንም ይሁን አሉኝ፤ በቁጣ አልነበረም።

ከአሮጊቷ አጠገብ ሃያ ሦስተኛው መደብ የደረሳትን ነጭ ሽንኩርት ሻጭ ከጨው ሻጯ ጋር እንድትለዋወጥ ለመንኳት። ሄዳ ሃያ አምስተኛውን መደብ አየችው። የተዳፋቱ ጎርፍ የሚገባው በዚያ በኩል ነው። አልሆነልኝም አለች፤ ማን ይፈርድባታል። ጨው ሻጯ ጎርፍ እንዳይነካባት የጨው ማዳበሪያዋን ድንጋይ ላይ ቆልላ ተቀምጣ ነበር።

ወደ አሮጊቷ ሄድኩ። በድምፄ ለዩኝ።

«ስማችንን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እናቴ።»

«አብረው አይሁኑ ያለው ማን ነው?»

ማንም አላለም አልኳቸው። ስለ ማሽኑ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሰሙኝና ማሽኑ እኛን የት ያውቀናል አሉ። ሰው ተመቅኝቶ እንዳለያያቸው፣ እኔም ስሙን እንደደበቅኋቸው አመኑ። ይህን ከልባቸው ማውጣት አልቻልኩም። ያን ቀን መርፌውን የሚያነብላቸው የሚገዛው ሰው ራሱ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ሰብሳቢው ቢሮ ደወሉ። አሮጊቷ መምጣት ስለተዉ በቦታቸው ሌላ ሰው አስገቢ አሉኝ። ስም ከዝርዝሩ ከተሰረዘ ከእሱ በታች ያሉት ሁሉ አንድ አንድ መደብ ወደ ላይ ይሸጋሸጋሉ። ስለዚህ ስማቸውን አውጥቼ ቦታውን ባዶ አቆየሁት፤ ከዚያ አዲሱን ስም አስገባሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሞጣ ለሌላ ሥራ ስሄድ ጨው ሻጯን ስለ እሳቸው ጠየቅኋት። ግንደወይን ልጃቸው ዘንድ እንደሄዱ፣ አሁን ጭራሽ እንደማያዩ ነገረችኝ። እሷም መደቧን ትታ የምትሄድበት ቀን አላገኘችም። ግንደወይን ከሞጣ ሩቅ አይደለም፤ መኪናም አለው። እኔም አልሄድኩም።