ቀስ ማለት የሚፈለግበት ሥራ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። እስራኤል አገር፣ ፔታ ቲክቫ ከገባን ሁለተኛው ክረምት ይሁን ሦስተኛው፣ ባለቤቴን ስጠይቃት አንድ ትላለች፣ ልጆቹ ሌላ ይላሉ። ኡልፓን፣ ዕብራይስጥ የምንማርበት ቤት ማለት ነው፣ ጨርሼ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ጨረስኩ ስል ጊዜው አለቀ ማለቴ ነው እንጂ ቋንቋውስ ገና አልገባኝም ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት ፋብሪካ ነው፣ የላስቲክ ባልዲ የሚሠራበት። ያስገቡኝ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ከኛ ቀድመው የመጡ፣ ዕብራይስጡን ከሁላችን የተሻለ የያዙ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ለአለቃው ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ በኔ ይሁንብህ ብለውልኛል። ሥራው ከባድ አልነበረም። ባልዲው በሚሄድ ጎማ ላይ ተሰልፎ ይመጣል፣ እኔ ማንጠልጠያውን አስገባለሁ፣ ያልፋል። ችግሩ መምጣቱን አለማቆሙ ነው። አንዱን ደህና አድርጌ እስካስገባ ሌሎቹ ያለ ማንጠልጠያ ያልፉኛል። አለቃው ከኋላዬ "ያላ፣ ያላ" ይላል፣ ቶሎ በል ማለቱ ነው። አጠገቤ የቆመችው ሴት የራሷን ጨርሳ የኔንም ትሠራልኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ከአለቃው ጩኸት ይልቅ ያሳፈረኝ የሷ ዝምታ ነው።

ዘገምተኛነቴ እዚህ የመጣብኝ ነገር አይደለም። አባቴ ጎንደር ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ወናፍ እነፋለት ነበር፤ ብረቱን አገላብጥ ሲለኝ የቱ ጎን እንደሚሻል ሳስብ ይቀዘቅዝበታል። እናቴም ለጎረቤት ስታወራ፣ ይኼ ልጅ ውሃ ሲጠጣ እንኳ አስቦ ነው ትላለች። ስለዚህ ፋብሪካው ሲያሰናብተኝ አልገረመኝም።

ቀጥሎ ሥራ አገናኞቹ ለጥቂት ጊዜ ብለው ወደ ሽማግሌዎች መጦሪያ ላኩኝ። ከከተማው መሀል፣ ከገበያው ብዙ አይርቅም። ሽማግሌዎቹን ጠዋት ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ነው ሥራው። የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሽማግሌ ሾርባ ሳበላ ዋናዋ ነርስ መጥታ ቆመችና "ሌአት፣ ሌአት" አለችኝ፣ ቀስ በል ማለቷ ነው። ከኋላዬ ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ። ለካ እኔን ነው። በሕይወቴ ቀስ በል ስባል ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሽማግሌው ከቡልጋሪያ የመጡ ነበሩ። እሳቸው አማርኛ፣ እኔ የሳቸውን ቋንቋ አናውቅም፤ ዕብራይስጡም ከሁለታችንም ጋር ብዙ አልተዋወቀም። ግን አንድ ሸሚዝ ለማልበስ ግማሽ ጠዋት ቢፈጅብን ቅር የሚለው አልነበረም። አንዱን ቁልፍ እሳቸው ይቆልፋሉ፣ ሌላውን እኔ። እኔም ሥራ ልሄድ ነው ብዬ ከሁሉ ሰው ቀድሜ መነሳት ጀመርኩ።

የባለቤቴ ወንድም አልወደዱትም። ሰንበት ቤታችን ሲመጡ ለተሰበሰበው ሰው፣ አማቻችን ሽማግሌ ማጠብ ጀመረ፣ ነገ ደግሞ አዋላጅ ይሆናል እያሉ ያስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ወንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሥራ ሲሠራ በኛ ዘንድ አልተለመደም። እሳቸውም ፋብሪካው ውስጥ መጋዘን እንዲያስገቡኝ እየለመኑልኝ ነበር። እምቢ አላልኳቸውም። ታላቅ ሰው ደክሞ ያገኘልህን፣ እኔ ሌላ ነው የምወድ ብለህ አትመልስለትም። መውደድ የሚባለውም የሥራ ነገር አይመስለንም ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ቀጥቃጭ ነው፣ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ፣ ማን ጠይቆህ ያውቃል?

አንድ ጠዋት ካልሲያቸውን ሳጠልቅላቸው ሽማግሌው ዐረፉ። እንደዚያ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ዓይናቸውን ከደንኩላቸው። ከከደንኩ በኋላ ነው ሬሳ መንካቴ ትዝ ያለኝ።

በኛ በጎንደር አይሁዶች ሥርዓት ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል፤ ሲያበቃ ገላውንም ልብሱንም ታጥቦ ይመለሳል። ለነርሷ በእጄ ወደ አልጋው ጠቆምኩና ወጣሁ። አውቶቡስ ብሳፈር ሰው እነካለሁ ብዬ የመንገዱን ዳር ይዤ እስከ ሰፈራችን እስከ ሃዳር ጋኒም በእግሬ ሄድኩ። ባለቤቴ ሳልገባ በር ላይ ቆሜ ስታየኝ ነገሩ ገባት። ጎንደር ቢሆን ከመንደሩ ወጣ ያለ ጎጆ አለ። እዚህ ያለን በረንዳ ነው፤ በረንዳው ደግሞ የሚገኘው ቤቱ ታልፎ ነው። ልጆቹን ወደ ማድ ቤት አስገባች፣ ወንበሩን ሁሉ ገፋች፣ እኔም እጄን ሰብስቤ ምንም ሳልነካ አለፍኩ። ምግቤን ደፍ ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ለመጦሪያው ምንም አልተናገርኩም። ምን እላለሁ? አገሩ የእስራኤል አገር ነው። ይኼን ሥርዓት የማያውቅ አይሁድ ይኖራል ብዬ በምን ላስብ? ሬሳውን ያነሱት ሰዎችም እያንዳንዳቸው በየበረንዳቸው የተቀመጡ ይመስለኝ ነበር።

ሳምንቱ ሲጋመስ ስልክ ላላት ጎረቤታችን ከመጦሪያው ተደወለ። ባለቤቴ ከመልእክቱ የገባት እሑድ የሚለውና ሌላ ሰው የሚለው ነው። እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ሳምንት በሚጀመርበት ቀን፣ ካልተመለስኩ በቦታዬ ሌላ ሊያስገቡ ነው። ደነገጠችና ወንድሟን አስጠራች። እሳቸውም የፋብሪካ ልብሳቸውን እንደለበሱ መጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙና ወደ በረንዳው አንጋጠጡ።

"አንተ ሰውዬ፣ እርግብ ሆነህ ቀረህ?"

"እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ።"

"ሥራውን ጥሎ ጠፋ እያሉህ ነው። እንዴት አትነግራቸውም?"

"ያውቃሉ ብዬ ነዋ።"

ራሳቸውን ያዙ። እዚህ አገር ይኼን የሚጠብቅ ሰው እንደሌለ፣ ሬሳ ያጠበም እጁን ታጥቦ ምሳውን እንደሚበላ ነገሩኝ። ያዘንኩባቸው መሰላቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መጋዘኑ ተገኝቷል አሉኝ። የሚሮጥ ጎማ የለ፣ ከኋላ የሚጮህ የለ፣ እሑድ አብረን እንሄዳለን አሉኝ።

የበረንዳውን ብረት ያዝኩ። ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ እሑድ መጋዘን ነኝ።

"ጋሼ፣ እዚያው ብመለስ ነው ደስ የሚለኝ።"

"ሽማግሌ ማጠቡን?"

"አዎ።"

"ትወደዋለህ?" አሉኝ።

"እወደዋለሁ" አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮክ ብዬ ነው መሰል፣ ጎረቤቷም በመስኮት ብቅ አለች።

"ለመናገር ቆየህ እኮ" አሉና ሄዱ። ወደ ፋብሪካው የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ለካ መጦሪያው ነው የሄዱት። ነርሷ መጀመሪያ ነገሩ አልገባትም አሉ። ኋላ፣ በእናንተስ የካህን ዘር የሆነ ከሬሳ ይርቅ የለ፣ እሱንም እንደዚያ ቁጠሪው ሲሏት መነጽሯን አውልቃ ሳቀች። ታዲያ ለምን ራሱ አልነገረኝም ስትል፣ እሱ አንድ ነገር ለመናገር ሳምንት ይፈጅበታል ብለዋታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሽማግሌ መድከሙ ሲታይ ሌላ ሠራተኛ እንዲገባ፣ እኔም ድንገት ቢደርስብኝ ተናግሬ እንድሄድ ተስማሙ።

ሰባቱ ቀን ሲሞላ ያርኮን ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ። ውሃው አጥንት ይሰብራል። እሑድ ጠዋት መጦሪያው በር ላይ ነበርኩ፤ ጡረታ እስክወጣም ከዚያ አልወጣሁም። የመጋዘኑን ቦታ ሌላ ሰው ወሰደው። የአዋላጁ ቀልድ ግን በየሰንበቱ አልቀረልኝም።

አሁን ልጆች ምን እንማር እያሉ ሲጨነቁ እሰማለሁ። እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፣ ምን እመክራለሁ። ሥራህን ማን አገኘልህ የሚለኝ ካለ ግን፣ ሥራ አገናኞቹ ናቸው አልልም። እነሱ ለጥቂት ጊዜ ብለው ነው የላኩኝ። ያገኙልኝስ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው።