የአደራውን ውሻ ይዤ ወንዝ የወረድኩ ዕለት

ባለፈው እሁድ... ወንዝ መሃል ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ውሻ ፎቶ ሳነሳ ልሞት ነበር። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ሰርቦ በምትባል የቡና አገር ከተማ ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አከራዬ እትዬ አስናቀች ልጃቸውን ሊያርሱ አዲስ አበባ ሲሄዱ ቤቱንም ውሻውንም ለእኔ ትተው ሄዱ። ሚኒባስ ውስጥ ከገቡ በኋላ እንኳ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «ቦቢን አደራ! የባሌ ማስታወሻ ነው! አደራ!» እያሉኝ ነበር።

ቦቢ ከቡችላነቱ ጀምሮ በር ስር ታስሮ የኖረ ውሻ ነው። ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ እሁድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጣች። ቦቢ ሰንሰለቱን ይዞ ቁልጭ ቁልጭ እያለ ሲያየኝ አንጀቴን በላው። «ና፣ ዛሬስ ዓለምን እይ!» ብዬ በገመድ ይዤው ወጣሁ።

እዚህ ውሻ ይዞ ሽርሽር የሚባል ነገር የለም። ባጃጅ ተራ ላይ ያሉት «ቲቸር፣ ምን አጥፍቶ ነው? ጣቢያ ልታስገቢው ነው?» እያሉ ሳቁብኝ። ገመዱን ሳብ አድርጌ አለፍኳቸው፣ አንጀታቸው ይረር።

ከከተማው ጀርባ፣ በቡናው መሃል ቁልቁል ሲወረድ፣ ድንጋያማ ወንዝ አለ። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለልን ወደ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ሄድን። ቦቢ አበደላችሁ! ውሃውን ይነክሳል፣ ያስነጥሳል፣ ተመልሶ ይነክሳል። መሃል ላይ ሰፊ ድንጋይ አገኘንና አረፍ አልን። ውሃው ከጉልበት አይበልጥም። ገመዱን እጄ ላይ ጠምጥሜ ስልኬን አወጣሁ።

ያኔ ነው ከአፋፉ ጩኸት የሰማሁት።

«ውጪ! ከውሃው ውጪ!»

ቀና ስል አባ ፊጣ ናቸው። እዚያው ወንዙ ዳር ቡና ያላቸው አዛውንት ናቸው፣ በመልክ እንተዋወቃለን። ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ወደ መስጊድ መንገድ ጀምረዋል። እጃቸውን እያወናጨፉ «ቶሎ በይ! ውጪ እኮ ነው የምልሽ!» ይላሉ።

እኔ በልቤ ምን አልኩ? በቃ፣ ውሻውን አይተው ነው። በእስልምና የውሻ ለሃጭ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ መታጠብ እንዳለበት አውቃለሁ፣ ከታች ደግሞ ሰው ለሶላት ይታጠባል። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ደሜ ፈላ። ወንዙን ገዙት እንዴ? እግዜር ያፈሰሰውን ውሃ!

«እሺ አባባ፣ አናቆሽሽም!» አልኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። አዎ... ጀርባዬን።

ቦቢ ጆሮውን አቁሞ ማላዘን ጀመረ። ገመዱን ወደ ዳር ይጎትታል። «አርፈህ ተቀመጥ!» አልኩት። ውሃው ደፈረሰ። ቅጠል መጣ... ቀጥሎ ግንድ። ከዚያ ድምፁ... የጭነት መኪና ዳገት ሲወጣ እንደሚያጓራው። እኛ ጋ ፀሐይ ነው፣ ላይ ተራራው ላይ ግን ለካ ዶፍ ሲወርድ ነው ያረፈደው። ደራሽ ውሃ!

ዘለልኩ። አንዱን ድንጋይ ረገጥኩ፣ ሁለተኛውን... ሦስተኛው የለም፣ ውሃ ውጦታል። እስከ ወገቤ ገባሁ። ስልኬ ሄደ። አባ ፊጣ መቼ እንደወረዱ አላውቅም፣ በአንድ እጃቸው የዛፍ ሥር ይዘው በሌላው ክንዴን አፈፍ አድርገው ወደ ዳር ጎተቱኝ። ገመዱ ግን እጄ ላይ ነው። ከገመዱ ጫፍ ደግሞ ቦቢ... ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል፣ ከዚያ እሱም ይጠፋል። እኔም መልሼ ልገባ ነው።

«ልቀቂው! ይዞሽ ይሄዳል!»

«አልለቅም! የአደራ ነው! አባባ፣ የሰው አደራ ነው!»

አንድ ጊዜ አዩኝ። «ያ ረቢ!» አሉ። «በይ ገመዱን ሥሩ ላይ ጠምጥሚው፣ አጥብቀሽ ያዢ!»

ከነጀለቢያቸው ገቡ። እስከ ደረታቸው። ገመዱን ይዘው እየተሳቡ ደረሱና የቦቢን ማጅራት ጨበጡ። እግራቸው ተንሸራተተ... እመብርሃን ድረሽ! እንዴት እንደጮህኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ለእኔ ቅብጠት ሰው ሊሞት ነው። ብቅ ሲሉ ውሻውን እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል።

ጭቃው ላይ ሦስታችንም ተዘረርን። ቦቢ አስሎ አስሎ ውሃውን ተፋው። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የአባ ፊጣን ፊት፣ ጢማቸውን ሳይቀር ላሳቸው። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

«አባባ ይቅርታ... ልብስዎ... ሶላትዎ...»

«ይታጠባል» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «አንቺ ተርፈሽ የለ? አልሐምዱሊላህ።»

ቡናው ውስጥ ወዳለች ምንጭ ሄደን እዚያ ባገኘሁት ጆግ እየቀዳሁ አፈሰስኩላቸው። ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር። ቅዝቃዜው እያንቀጠቀጣቸው አንዷንም አላስቀሩም። ሲጨርሱ ጠየቁኝ።

«ያን ያህል ስጠራሽ አልሰማሽም?»

ልዋሽ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ።

«ሰምቻለሁ... ውሻ ይዤ ስለመጣሁ የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነው።»

ፊታቸውን ሊያብሱበት ያነሱት እጅ እዚያው ቀረ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

«ኢንተለ ኮ» አሉኝ፣ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «እኔ ያየሁት አንቺን ነው። ውሻ መኖሩን ያወቅኩት ገመዱ ሲጎትትሽ ነው።»

አባ ፊጣ ሰባት ጊዜ ታጥበው ነጹ። እኔን ግን ስንት ጊዜ መታጠብ እንደሚያጠራኝ እንጃ።