ዝገት የቀባናት ጂፕ

መሐል ሜዳ በአስተማሪነት ተመድቤ በሄድኩ በሁለተኛው ዓመት አገባሁ። ከሚስቴ ጋር አንዲት አሮጌ ጂፕ አብራ እንደምትመጣብኝ ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ጂፗ የአማቴ ናት። የሚስቴ አባት በሕይወት ሳሉ ከደብረ ብርሃን ጨውና ስኳር ያመላልሱባት ነበር። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ከጓሮ፣ ለእሷ ተብሎ በተሠራ የሣር ዳስ ሥር ቆማ ቀረች። ሞተሯ ደህና ነው። አማቴ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጉልበት ያለው ሰው ጠርተው ከፊቷ በሚሽከረከረው ብረት፣ በማኖቬላ፣ ያስነሷታል፤ ስትንተከተክ ቆመው ጥቂት ያዳምጧትና «በቃ፣ ትረፍ» ይላሉ። የታመመው ሥጋዋ ነበር። የመንዝ ጉም ገብቶባት በሮቿ ከታች እንደ ወንፊት ተበሳስተዋል። ከሹፌሩ እግር ሥር ወለል የሚባል የለም፤ ወደ ታች ሲያዩ ሣር ነው።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን እንደጨረስን አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነህ አይደል?»

«አዎን፣ እማማ።»

«ብረትም ያውቃል ብላኛለች።»

ሚስቴን አየኋት። እሷ ድስቱን ታያለች። ተማሪዎቼን የማስተምረው ቅርጫትና የእንጨት ማስመሪያ መሥራት ነው። በዕድሜዬ ብረት የነካሁት አንድ ጊዜ፣ ሥልጠና ላይ ሳለሁ ጭልፋ ስሠራ ነበር፤ እሱም ያፈስ ነበር። ነገር ግን ባገባሁ በስምንት ወሬ ለአማቴ «አላውቅም» የምልበት አንደበት ከየት አባቴ ይምጣ?

«ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው የጂፗን ዝገት አንሣልኝ። ቤተ ክርስቲያን ልሄድባት እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ አማቴ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ደስ ሲላቸው «ልጄ» ይሉኛል፣ ሲከፋቸው ግን «መምህር» ብለው አንቱ ይሉኛል። ሌላው ሰው አንቱ ሲባል ይከበራል፤ እኔ አንቱ ስባል ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት በኋላ አሮጌ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ዝገት ሲፍቁት የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚጠፋው ብረቱ ነው። የሳንቲም ያህል ዝገት አይቼ ስፍቅ የእንጎቻ ያህል ቀዳዳ ይወጣኛል። በሦስተኛው ቀን የግራውን በር የታችኛውን ግማሽ ፍቄ ጨረስኩት። አማቴ መጡና እጃቸውን በቀዳዳው አሾልከው ከወዲያ በኩል ጣታቸውን አወዛወዙልኝ።

«መምህር፣ መኪናዬን እየጠገኑልኝ ነው ወይስ እየጨረሱልኝ?»

ያን ጊዜ ነው ወደ ባለ እጁ የሮጥኩት። ባለ እጁ ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ ለአካባቢው ገበሬ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪና ነክተው አያውቁም። ቢሆንም መዶሻቸውን ይዘው መጡና ጂፗን ዙሪያዋን ዞረው በጣታቸው አንኳኳት፤ አንኳኩተው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ አንኳኩተው ያስጠጋሉ።

«አጥንቷ ደህና ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቆዳዋ ነው የሞተው።»

«ብየዳ ነበር የሚያስፈልጋት፤ እዚህ ግን መብራት የለም» አልኳቸው።

«ብየዳ ምንድን ነው?»

«ብረትን ከብረት በእሳት ማጣበቅ።»

«እኛ እንሰፋታለን» አሉ።

ሰፏትም። ከትምህርት ቤታችን ተቀዶ የተጣለ የውኃ በርሜል ለምኜ አመጣሁ። ባለ እጁ በመሮ ሰንጥቀው ዘረጉትና ከወናፋቸው ፊት አግለው ድንጋይ ላይ ደበደቡት። ጠፍጣፋውን ብረት በጂፗ ቁስል ልክ ቆርጠው፣ ምስማር በእሳት እያጋሉ ከዚህም ከዚያም ቀጠቀጡበት። የእኔ ሥራ ከውስጥ ሆኖ ምስማሩን በመጥረቢያ ጀርባ መደገፍ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ይጮህ ስለነበር ክፍል ውስጥ ተማሪ ሲጠይቀኝ ሁሉንም «ትክክል» እል ነበር። ሲያልቅ ጂፗ የጦር ጋሻ መሰለች፤ በሯን ሲዘጉት የእስር ቤት በር ድምፅ ይሰጣል። ወለሏ ግን ወለል ሆነ።

ምስማሩን ለመሸፈን ስቱኮ፣ ሲደርቅ ድንጋይ የሚሆነው ልስን፣ ያስፈልጋል ብዬ ደብረ ብርሃን ድረስ በአውቶቡስ ሄድኩ። ሻጩ ከትልቁ ጣሳ ጋር አንድ ትንሽ ቱቦ ማድረቂያ ሰጠኝና «ትንሽ ጠብ እያደረግክ ነው የምትቀላቅለው» አለኝ። ይህን ምክር መሐል ሜዳ እስክደርስ ረሳሁት። የአማቴን የልብስ ሳፋ ተውሼ ጣሳውንም ቱቦውንም ገለበጥኩበትና በእንጨት አማሰልኩ። አንዱን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን ክዳን፣ ገና ግማሽ ሳልቀባ እንጨቱ አልወጣም አለኝ። ስቱኮው፣ ሳፋውና እንጨቱ አንድ አካል ሆነዋል። ባለ እጁ በመዶሻ መታ አድርገው ሞከሩትና «ይሄስ ጥሩ ነገር ነው፤ ለምን በሩ ላይ አላደረግከውም?» አሉኝ።

አማቴ የተናገሩት ትንሽ ነው። «መምህር፣ ሳፋዬን ሲጨርሱ ይመልሱልኝ።»

የቀረውን ቀዳዳ ባለ እጁ ሰም ከአመድ ጋር አቅልጠው ደፈኑት። ፀሐይ ሲያገኘው አይቀልጥም ወይ ብላቸው ወደ ሰማይ አይተው «የትኛው ፀሐይ?» አሉኝ።

ቀለሙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። በከተማው የተገኘው የዘይት ቀለም የቢሮ በር የሚቀቡበት አረንጓዴ ብቻ ነው። በብሩሽ እየተጋገዝን ቀባናትና እስክትደርቅ ብለን ከዳሱ አውጥተን አቆምናት። ወሩ የመውቂያ ወር መሆኑን ከሁለታችን አንዳችንም አላሰብንም። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሣና ከጎረቤት አውድማ የገብሱን ገለባ እያፈሰ አመጣው። በማግስቱ ጠዋት ስንወጣ ጂፗ ፀጉር አብቅላለች፤ ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ቢጫ ጭገር ወጥቶባት ነፋሱ ሲመጣ ይርገበገባል። ባለ እጁ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩና «ብርዱን አልቻለችውም፤ የበግ ጠጉር ባና ለበሰች» አሉ።

አማቴ ከደጃፍ ሆነው ያዩ ነበር። መጀመሪያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። እንዲያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። «ወይ ልጄ፣ ወይ ልጄ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። ይህን ጊዜ እኔም ሳቅኩ፤ ልጅነቴ ተመልሶልኛል።

ገለባውን አንድ በአንድ ለቅመን እንደገና ቀባናት። በጥር ወር አንድ እሑድ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ፤ እኔ በሥልጠናዬ ጊዜ ትራክተር ነድቼ ስለማውቅ ሹፌር ሆንኩ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እስክንመለስ ከተማው በሙሉ ወጥቶ አየን። ስህተታችን ይህ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት ሚስቴ ከገበያ እያለከለከች መጣች። የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍትና ጥቁር ሰሌዳ ወደ ግሼ የሚያደርስ መኪና ጠፍቶ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር በአካባቢው የሚንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ሁሉ ሐሙስ እንዲመዘገብ ብሏል። ያን ጊዜ የተመዘገበ ነገር ይመለሳል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም።

አማቴ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ባለ እጁን አስጠሩና ሁለታችንን ከጂፗ ፊት አቆሙን።

«ዝገቷን መልሱላት» አሉን።

ባለ እጁ ከድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። «ከመስቀል ጀምሮ ያወጣሁትን?»

«እስከ ሐሙስ።»

ዝገት ሳይጠሩት ይመጣል፤ ሲጠሩት ግን አይመጣም። የጨው ውኃ ረጨንባት፤ አረንጓዴው ቀለም ታጥቦ ይበልጥ አማረበት። በመጨረሻ ባለ እጁ አንድ ዘዴ ፈጠሩ፤ የጠላ አተላ በቀይ አፈርና በጥላሸት ለውሰው፣ እንዲይዝ ብለው ጨው ጨመሩበት። በጨርቅ እየነከርን ለቀለቅናት። እውነቱን ለመናገር ከሥራችን ሁሉ የተዋጣልን ይህ ነው። ከሩቅ ሲያዩዋት አንጀት ትበላለች። እኔማ በሩ ሥር አንድ ቦታ ላይ ዝገቱን ያሳመርኩትን እየተመላለስኩ አይ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሊቀመንበሩ መዝገቡን በብብቱ ይዞ መጣ። እዚያው ሰፈር ያደገ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ከአማቴ ጓሮ የባቄላ እሸት ሲሰርቅ ተይዞ ያውቃል። «ጓድ...» ብሎ ጀመረና አማቴን ሲያያቸው ዋጠው።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መኪናዋን ልታይ ነው? እይ፣ እንደምታያት ናት። አልቃለች።»

ወደ ጓሮ ዞርን። የአማቴ አህያ ከኋላው ፓራፋንጎ ቆማ በርጋታ ትልሳለች። ሁለት በጎች ደግሞ በሩን ይዘውታል፤ ያን እኔ ያሳመርኩትን ቦታ። ምላሳቸው ያለፈበት ሁሉ አረንጓዴው ያብረቀርቃል።

ሊቀመንበሩ አህያዋን ዙሪያዋን ዞሮ አያት። እኔ የምታሰርበትን ክፍል በዓይነ ኅሊናዬ እያየሁ ነበር።

«እማማ፣ ዝገት የምትበላ አህያ ዛሬ ገና አየሁ» አለ።

«የዘንድሮ አህያ ምን የማትበላው አለ?» አሉ አማቴ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

በጣቱ ጠረግ አድርጎ አሸተተው። «ጠላው ጥሩ ነበር» አለና ሆዱን ይዞ መሣቅ ጀመረ። ስቆ ሲጨርስ መዝገቡን ገልጦ ጻፈ፤ እየጻፈም ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ጂፕ፣ አንድ። አረንጓዴ። ከነሹፌሯ።» ሹፌሯ እኔ ነኝ።

አማቴ ወደ ቤት ገቡ። ሲወጡ ጋቢ ደርበዋል፤ በአንድ እጃቸው የበሶ ስልቻ፣ በሌላው በርጩማ ይዘዋል።

«ወዴት ነው፣ እማማ?»

«መኪናዬ ወደምትሄድበት።»

«ይሄ እኮ የመንግሥት ሥራ ነው።»

«ባለቤቷ አትሂድ የሚል ተጽፏል?»

መዝገቡን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጠ። አልተጻፈም።

መጻሕፍቱንና ሰሌዳዎቹን ጭነን በጓሳ በኩል ወደ ግሼ ከተማ፣ ወደ ራቤል ተነሣን። አማቴ ከፊት፣ ሊቀመንበሩ ከኋላ ሰሌዳ ታቅፎ። መንገዱ መንገድ አልነበረም። ድንጋይ ባዩ ቁጥር «ቁም!» ይላሉ፤ እቆማለሁ፤ ሊቀመንበሩ ወርዶ ድንጋዩን ያነሣል። ዳገት ሲመጣ «ውረድ፣ ትከብዳታለህ» ይሉታል፤ ወርዶ በጓሳ ብርድ ከኋላችን ይሮጣል። አንዱ ሸለቆ ላይ ሰሙ የያዘው ፓራፋንጎ ተነቅሎ ወደቀ። አማቴ አስነሥተው አስመጡትና ለሊቀመንበሩ አሳቀፉት። አንድ ፈረሰኛ አጠገባችን ደረሰ፤ ሰላምታ ሰጠንና አልፎን ሄደ፤ እኛ የደረስነው ሲመሽ ነው።

በግሼ ዘጠኝ ቀን ቆየን። ለሰሌዳው ማስደገፊያ ስላልነበረ በየደረስንበት የሚደገፈው በጂፗ ጎን ላይ ነው። አማቴ በርጩማቸውን ከጎማው አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ መኪናቸውን ሊጠብቁ። «እማማ፣ እርስዎም ይማሩ እንጂ» ሲላቸው እዚያ መሠረተ ትምህርት የሚያስተምረው ወጣት፣ «እኔ ለትምህርት አልመጣሁም፤ ጠመኔህን ቀለሙ ላይ እንዳታስነካ» ይሉታል። ድምፁ ሲቀንስ ግን «ጮክ በል፣ ከኋላ ያሉት አይሰሙም» ይሉት ነበር። ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ሊቀመንበሩ ወደ እኔ መጥቶ «መምህር፣ በእናትህ፣ ሁለቱንም መልስልኝ» አለኝ። ጎዝጉዞ ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፈና ማኅተም መትቶ ሰጠኝ።

ቤት ስንደርስ አማቴ ደብዳቤውን አንብብልኝ አሉኝ። እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጂፒቱ ለሥራ ብቁ ስላልሆነች ከነባለቤቷ ተመልሳለች፤ ወደፊትም እንዳትጠራ።» የሰው ድካም ነው፣ የእኔም ድካም አለበት፤ እንዲያው ቅር እንዳይላቸው ብዬ «ጂፒቱ ከነባለቤቷ ተመልሳለች፤ ወደፊትም እንዳትጠራ» ብዬ አነበብኩ።

አማቴ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ከዓይናቸው አርቀው ያዙት። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ቀስ ብሎ ሄደና አንድ ቦታ ቆመ።

«ይቺ ‹ለ› ናት» አሉ። «በ‹ለ› የሚጀምር ነገር አልሰማሁም።»

ሚስቴ ከምድጃው ቀና አለች። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግኩና እንደገና፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው። በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፉና በመቀነታቸው ቋጠሩት።

«ደግ ጽፏል፤ እንደሱ ካለማ ማንም አይነካትም» አሉ። «በል ልጄ፣ ገብተህ ብላ።»