ወንዝ እንዳትሻገር የታዘዘችው እህቴ

ጠዋት፣ ሆሳዕና

እህቴን ታደለችን ከአንጋጫ ላመጣ ተነሣሁ። ከአምስት ቀን በፊት ያበደ ውሻ ክንዷን ነክሷታል፤ እኔ የሰማሁት ግን ትናንት ነው። ክትባቱ እዚህ ከተማ መኖሩን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው» እያለ አምስት ሰው እስኪጭን ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። ደሜ ፈላ።

ዝናብ ጥሎ አድሯል። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፤ ጭቃው ጎማ እየያዘ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን።

አንጋጫ

ታደለች ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። ክንዷ ላይ የተወቀጠ ቅጠል ታስሯል።

«ቁስሉን በሳሙና አጥበሽዋል?»

«ውሃ አይንካው ብለዋል፣ ጋሼ። መድኃኒቱን የሰጡኝ ሽማግሌ ናቸው። አርባ ቀን ወንዝ እንዳልሻገርም አዘውኛል፤ ከተሻገርኩ መድኃኒቱ ይረክሳል። ጎረቤታችን በዚሁ ነው የዳነው።»

«እሱን የነከሰው ውሻ ማበዱን ማን አየ?»

የታሰረውን ቅጠል ይበልጥ አጠበቀችው። ሆሳዕና ለመድረስ ደግሞ ወንዝ መሻገር ግድ ነው። ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«ስሚኝ። ነርቭና ጡንቻ በሚገናኙበት ቦታ ሴሎቹ ላይ ተቀባይ የሚባል ነገር አለ። ሰውነት መልእክት የሚቀበልበት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ እሱ ላይ ተጣብቆ ነርቭ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሽታው አንዴ ከተነሣብሽ የሚያድንሽ የለም። አንቺ ወንዝ ባትሻገሪም ቫይረሱ ጉዞውን አያቆምም።»

ባሏ ማርቆስ ሳሙናና ውሃ አመጣ። ቅጠሉን ፈትተን ለረጅም ጊዜ አጠብነው። ታደለች እያለቀሰች ነጠላዋን አነሣች።

«ወንዙን ተሻግሬ ከሞትኩ ልጆቼን አንተ ታሳድጋለህ።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ከማርቆስ ጋር ሦስታችን ተሳፈርን። የወንዙ ድልድይ ላይ ታደለች ዓይኗን ጨፍና እጄን ጨመቀችው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሆሳዕና

ጤና ጣቢያ ነርሷ ቁስሉን አይታ «አምስት ቀን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነበር?» አለች። እኔም ወደ ማርቆስ ዞርኩ። እሱን ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«እሷስ አልተማረችም። አንተ ግን እያወቅህ!»

አንገቱን ደፋ። «መምህር፣ ተቀባይን አስተምረውናል። ፈተና ላይ ሥዕሉን ስዬ ሙሉ ነጥብ ሰጥተውኛል። ውሻ ሲነክስ የሚሆነው ይኸው መሆኑን ግን አልነገሩንም።»

ታደለች የመጀመሪያውን መርፌ ተወግታ ቤቴ ገባን፤ ቀሪውን እስክትጨርስ እኔ ጋ ትቆያለች። መትረፏን ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

መንገዱን ሁሉ ስረግም የመጣሁት ሽማግሌውን ነበር። እሳቸው ግን የሚያምኑትን ቤት ለቤት እየዞሩ ተናግረዋል። እኔ የማውቀውን ለፈተና ብቻ አስተማርኩ።